ከሬዲዮው የቀደመ ሰዓት

ወደ አንኮበር በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ የተቀመጡት የቀበሌ ደወል መቺው ጋሽ ታደሰና የአልዩ አምባዋ ነጋዴ እመት ዘይነባ ነበሩ። ጋሽ ታደሰ ያወጋሉ።

«ከስብሰባ የዘገየ የወሩ ስኳር ይቀርበታል ተባለ። ሊቀ መንበሩ ሰዓታቸውን ከሬዲዮው አምስት ደቂቃ አስቀደሙ።»

«ደግ አደረጉ።»

«ጸሐፊው ደግሞ ከሊቀ መንበሩ አምስት አስቀደመ።»

«ዘበኛውስ?»

«ከጸሐፊው ዐሥር።»

«እርስዎስ?»

«እኔ ኃላፊነት አለብኝ፤ ከዘበኛው ሃያ አስቀድሜ ደወልሁ።»

«ሱብሃነላህ! ለእርስዎ ቢተዉት ረመዳንንም ሳይደርስ ያስገቡታል።»

«ሕዝቡ በውርጭ ግማሽ ሰዓት ቆሞ፣ ስብሰባው ቀርቷል ብሎ ወደየቤቱ ሄደ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሊቀ መንበሩ ከች!»

«ስኳሩስ?»

«የቀበሌው ሕዝብ ሁሉ ስኳር ቀረ፤ የእኔም ጭምር።»

ልጆቼን በሰዓት ቀልድ የለም እያልሁ ያሳደግሁ አባት፣ የኮቴን እጅጌ ቀስ ብዬ ባስቀደምሁት የእጅ ሰዓቴ ላይ ሳብሁት።