አክስቴ ለልጇ የነገረችው

ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ ከአንድ ልጇ ጋር ከአንድ መሶብ በልተን ነው ያደግነው። እሱ ደቡብ አፍሪካ ስለሄደ፣ ስትታመም ከምንኖርበት ከጃጁራ ወደ ሆሳዕና ሆስፒታል ይዣት የመጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ጠራኝና፣ «ወንድሜ፣ ሁለቱም ኩላሊቶቻቸው ሥራ አቁመዋል። ደማቸውን በማሽን ለማጠብ አዲስ አበባ መሄድ አለባቸው፤ በዚህ አቅማቸው ግን መንገዱን መቻላቸውን እንጃ። ከቤተሰብ ጋር ተማከሩ» አለኝ። የምማከረው ሰው አልነበረም።

ተመልሼ ስገባ ልጇ ደወለ። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ያዝኩላት። ፊቷ በጣም ከማበጡ የተነሳ ዓይኗን የምትገልጠው በግድ ነው። በሀዲይኛ፣ «ደህና ነኝ ልጄ። ብታየኝ እኮ ወፍሬያለሁ፣ ፊቴ ሞልቷል!» አለችው። ሳቁ እኔ ድረስ ተሰማኝ። ሲዘጋ ተቆጣሁ።

«ለምን አልነገርሽውም? ነገ እኔ ምን ልበለው?»

«ወረቀት የለውም። ከመጣ መመለሻ የለውም። አትንገረው፤ አንተ ቻለው» አለችኝ። ቀጥላም፣ «አሁን ቤቴ ውሰደኝ» አለች።

ወሰድኳት። ሁለት ሳምንት እንኳን ሳትቆይ አረፈች። ለልጇ ደውዬ ያረዳሁት እኔው ነኝ። ብዙ ካለቀሰ በኋላ፣ «አንተ ታውቅ ነበር?» አለኝ።

«አዎ» አልኩት። አትንገረው ያለችኝ እሷ ናት ብዬ በሟች ማሳበብ ግን አቃተኝ። ስልኩን ዘጋው። ከዚያ ወዲህ ስደውልለት አያነሳም።