በጄኔቫ ወደብ ዳር ይቆሙ የነበሩት የአቶ ንዋይ ወልደሥላሴ ዜና ሕይወት

አባቶች ካህናት፣ ከዙሪክና ከኡስተር በማለዳ ባቡር የመጣችሁ፣ ከዚሁ ከቬርኒየና ከካሩዥ የተሰበሰባችሁ ወገኖች፤ ዛሬ ጥር 9 ቀን 1982 ዓ.ም. የምንሸኛቸውን የአቶ ንዋይ ወልደሥላሴን ዜና ሕይወት እንዳነብ የታዘዝኩት እኔ ኃይለመለኮት ነኝ። እንደ ደንቡ ይህን የሚያነበው የሥጋ ዘመድ ነበር፤ ባለቤታቸውና ልጃቸው ግን አዲስ አበባ ናቸው፣ የመውጫ ቪዛም የላቸውም፤ ስለዚህ ዕጣው በማኅበሩ ሰብሳቢ በእኔ ላይ ወደቀ። ይህን ለማንበብ የማይገባኝ ሰው መሆኔን ከወዲሁ እናገራለሁ፤ ምክንያቱንም ተራው ሲደርስ ትሰማላችሁ። ንባቡ በቴፕ እየተቀዳ ነው፤ ቴፑም በፖስታ ሳይሆን በሰው እጅ ወደ ቤተሰባቸው ይሄዳል። በማን እጅ እንደሆነ አልናገርም፤ እነሱም ከሰሙት በኋላ እንዲያጠፉት አደራ እላለሁ።

አቶ ንዋይ ከአባታቸው ከአቶ ወልደሥላሴ ኅሩይና ከእናታቸው ከወይዘሮ ፍቅርተማርያም አስፋ በ1926 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ፣ ቀበና አካባቢ ተወለዱ። አባታቸው አናጢ ነበሩ፤ ልጃቸው ግን መጋዝ ከያዘ ጣቱን እንጂ እንጨቱን እንደማይቆርጥ በጊዜ ስለተረዱ፣ ፊደልና ዳዊት ከየኔታ ዘንድ ካስቆጠሯቸው በኋላ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ቤት አስገቧቸው። አቶ ንዋይም ትምህርታቸውን በመልካም ውጤት ፈጽመው፣ የጽሕፈትና የመዝገብ አያያዝ ሙያ ተምረው፣ በ1951 ዓ.ም. በወደብ አስተዳደር ሥራ ተቀጥረው ወደ ምጽዋ ተላኩ።

በምጽዋ የተሰጣቸው ሥራ የሚገቡትንና የሚወጡትን መርከቦች መመዝገብ ነበር። መርከብ በማይገባበት ሰዓት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ከሰሜን አገር ብርድ ሸሽተው ወደቡን የሚሞሉትን ወፎች ሲመለከቱ ውለው፣ ቁጥራቸውን በመርከቦቹ መዝገብ ዳር ላይ መጻፍ ጀመሩ። አለቃቸውም ይህን አይተው «አቶ ንዋይ፣ ወፎቹ ቀረጥ ይከፍላሉ እንዴ?» ብለው ቢቆጧቸው፣ የራሳቸውን ደብተር ገዝተው ቆጠራቸውን ቀጠሉ። በ1957 ዓ.ም. መምህርት ከነበሩት ከወይዘሮ የወይንሐረግ ጋር በቅዱስ ቁርባን ተጋብተው፣ በዓመቱ ወደ አዲስ አበባው ዋና መሥሪያ ቤት ተዛወሩ፤ በ1960 ዓ.ም. አንዲት ልጃቸው ሂሩት ተወለደች።

በጥቅምት ወር 1969 ዓ.ም. መሥሪያ ቤታቸው ለዘጠኝ ወር ሥልጠና ወደ ጄኔቫ ሲልካቸው፣ አንድ ሻንጣና አንድ ካፖርት ይዘው፣ ለስምንት ዓመቷ ሂሩት ክረምቱ ሳይጠና እንደሚመለሱ ነግረዋት ነበር የወጡት። ሥልጠናው ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው ግን በአንድ ክፍል አብረዋቸው ይሠሩ ከነበሩት ሦስቱ ታሰሩ፤ ከሦስቱም አንዱን ቤተሰቡ ዳግመኛ አላየውም። ወይዘሮ የወይንሐረግም የቤቱ ጣራ እየታደሰ ስለሆነ ሥራው እስኪያልቅ ባይመጡ እንደሚሻል ጻፉላቸው። የቤታቸው ጣራ ምንም እንዳልሆነ የሚያውቁት አቶ ንዋይም ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ያ ጣራ ይኸው አሥራ ሦስት ዓመት ሙሉ ታድሶ አላለቀም።

ከዚያ በኋላ ጥገኝነት ጠይቀው፣ ሁለት ዓመት ጠብቀው ፐርሚ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ አገኙ፤ በዚያም ፐርሚ መኖር ይቻላል፣ መሥራት ይቻላል፣ ግብር መክፈል ይቻላል፤ ወደ አገር መግባት ግን አይቻልም። ወይዘሮ የወይንሐረግ በበኩላቸው የመውጫ ቪዛ ሦስት ጊዜ ጠይቀው ሦስት ጊዜ ተከለከሉ፤ በአራተኛው ጊዜ ግን ቀበሌ ተጠርተው ባላቸው የት እንዳሉና ከማን ጋር እንደሚውሉ ሲጠየቁ ስለዋሉ፣ ከዚያ ወዲህ መጠየቁን ተዉት። እሳቸው መግባት፣ እነሱም መውጣት ሳይችሉ፣ ደብዳቤው ሁሉ በሦስተኛ ሰው ዓይን እየታየ ስለሚያልፍ፣ ባልና ሚስት ስለ ጤናና ስለ አየር ጠባይ ብቻ ሲጻጻፉ ኖሩ። አቶ ንዋይ በቬርኒየ፣ በሊኞን ሕንፃ ዘጠነኛ ፎቅ ላይ አንዲት ክፍል ተከራይተው፣ በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል አንሶላ ሲያጥፉ ይውሉ ነበር።

ጄኔቫ ባሕር ባይኖራትም ሐይቅና ወደብ አላት። ቢዝ የሚሉት የሰሜን ነፋስ ተነሥቶ፣ ከትራም ወርደን ቤታችን እስክንደርስ ፈጣሪን በምናማርርበት በዚያ ብርድ፣ አቶ ንዋይ ወደ ሐይቁ በገባው የድንጋይ ግድብ ላይ ቆመው ከሩቅ ሰሜን የሚመጡትን ዳክዬዎች ይቆጥሩ ነበር። ዛሬ ከኋላ ተቀምጠው የምታዩአቸው፣ የሱፍ ቆባቸውን ጭናቸው ላይ ያደረጉት ሽማግሌ፣ ጡረታ የወጡት የትራም ሾፌር ሙስዬ አንድሬ፣ እዚያው ግድብ ላይ ተዋውቀዋቸው፣ ሩቁን የሚያቀርብ አሮጌ መነጽራቸውን ሰጧቸው። በየዓመቱ ከጥምቀት በፊት ባለው እሑድ የወፍ ወዳጆች በሐይቁ ዙሪያ ተሰማርተው የውኃ ወፎችን በአንድ ቀን ይቆጥራሉ፤ ከግድቡ እስከ ድልድዩ ያለው ውኃ የአቶ ንዋይ ድርሻ ነበር። ከመካከላችን አንዱ ወፎቹ ነፃ ናቸው፣ የታሰርነው እኛ ነን ቢላቸው፣ አቶ ንዋይ አልተቀበሉትም፤ ወፉም ወዶ እንዳልመጣ፣ በረዶ ገፍቶት እንደሆነ፣ ልዩነቱ የሱ በረዶ በየዓመቱ መቅለጡ እንደሆነ መለሱለት። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ይልቅ ወደብ ላይ መታየታቸው ግን ለሐሜት በር ከፈተ።

አሁን ተራው ደርሷል። በየካቲት ወር 1971 ዓ.ም. በአገር ቤት የሚፈሰውን ደም ለመቃወም በድልድዩ ላይ ሰላማዊ ሰልፍ ስንወጣ፣ አቶ ንዋይ አልተሰለፉም፤ ከግድቡ ላይ ሆነው በመነጽራቸው እያዩ በደብተራቸው ይጽፉ ነበር፤ ብዙዎቻችን አይተናቸዋል። በወሩ ከሰልፈኞቹ የሁለቱ ወንድሞች አዲስ አበባ ላይ ታሰሩ። ማን ጠቆመ? ጠርጥር ከገንፎም አለ ስንጥር በሚባልበት ዘመን ላይ ነበርንና፣ በካሩዥ በአንድ ወዳጃችን ቤት ተሰብስበን ሳለ፣ አርዶ ለማይበላው ዳክዬ ብርድ ሲመታው የሚውል ሐበሻ የት ይገኛል፣ ወፉ ሰበብ ነው፣ ቆጠራው የሰው ነው ብዬ መጀመሪያ የተናገርኩት እኔ ነኝ። ሰዉ ሳቀ፤ ከሳቁ በኋላ ግን ነገሩን ይዞ ወደየቤቱ ሄደ፤ ካፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ነገሩ በሳምንቱ ዙሪክ ደረሰ።

ለአቶ ንዋይ ግን ማንም አልነገራቸውም፤ ጠይቆ መልስ የሚያገኝ ሰው ሊሳሳት ይችላል፣ ያልጠየቀ ሰው ግን ሁልጊዜ ትክክል ነው። እሳቸው ሲገቡ ወሬው ይቋረጣል፤ በዓል ሲሆን አጠገባቸው ያለው ወንበር ባዶውን ይውላል፤ ልጆቻችን እንኳ ሰላምታ ሲሰጧቸው እጃቸውን ይዘን እንጎትታለን። እሳቸውም የሆነውን የተረዱ ይመስለኛል፤ እየመጡ ሁሉንም እጅ ነሥተው፣ ጥቂት ቆመው ይሄዱ ነበር።

በ1976 ዓ.ም. ሂሩት አሥራ ስድስት ዓመት ሞላት። አሥራ ስምንት ዓመት ያልሞላው ልጅ እዚህ ካለ አባቱ ጋር መቀላቀል እንደሚችል፣ ከዚያ ካለፈ ግን እንደማይችል የተነገራቸው አቶ ንዋይ፣ ሙስዬ አንድሬን ይዘው ከቢሮ ቢሮ ሲንከራተቱ ከርመው፣ ለልጃቸውም ለባለቤታቸውም የመግቢያ ፈቃድ አገኙ፤ ወረቀቱ ናይሮቢ ተቀምጦ ይጠብቃቸዋል፤ በደቡብ ድንበር የሚያሻግራቸው ታማኝ ሰውም ተገኘ። የቀረው ቀኑንና ቦታውን ለወይዘሮ የወይንሐረግ ማሳወቅ ብቻ ሲሆን፣ ያንን በፖስታ መላክ ግን ሞትን ቤታቸው ድረስ መላክ ነበር። በዚያን ሰሞን ኡስተር የምትኖረው፣ የስዊስ ፓስፖርት ያላት የእኅቴ ልጅ ምንትዋብ እናቷን ልትጠይቅ ወደ አዲስ አበባ ለመሄድ ተዘጋጅታ ነበርና፣ አቶ ንዋይ ከአምስት ዓመት በኋላ የቤቴን ደጅ አንኳኩ። ግቡ አላልኳቸውም፤ ቆመው ደብዳቤውን በሁለት እጃቸው ሰጡኝ።

ደብዳቤውን ተቀበልኳቸው። አልቀበልም ብል መጠርጠራቸውን ያውቁብናል ብዬ ነው የተቀበልኳቸው፤ ምንትዋብ ብትይዘው ወጥመድ ሆኖ አሳስሮ ያስቀራታል ብዬም ፈራሁ። ስለዚህ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት፤ እሷም ስለ ደብዳቤው ምንም ሳታውቅ ሄዳ ተመለሰች። አቶ ንዋይ መጥተው ሲጠይቁኝ «ደርሷቸዋል» አልኳቸው።

የተቀጠረው ቀን አለፈ፤ በድንበሩ የቆመው ሰውም ሁለት ቀን ጠብቆ ሄደ። አቶ ንዋይ ባለቤታቸው ደብዳቤውን አንብበው መቅረትን እንደመረጡ አመኑ፤ በፍርሃት ይሁን፣ እናታቸውን ጥለው መሄድ ከብዷቸው ይሁን፣ ወይም መለየቱን ለምደውት ይሁን እያሉ፣ ለሙስዬ አንድሬ ብቻ ደጋግመው ሲያወሩት እንደኖሩ አሁን ሰምቻለሁ። ከዚያ ወዲህ ለዓመት በዓል ከሚልኩት አጭር ካርድ በቀር መጻፍ ተዉ፤ ያልፈለገችኝን ሴት ማስጨነቅ አይገባም ይሉ ነበር። ምንትዋብ በ1980 ዓ.ም. ዳግመኛ ስትሄድ ወይዘሮ የወይንሐረግን መንገድ ላይ አግኝታቸው፣ «ንዋይ ምነው እንዲህ ዝም አለን?» ብለው እንደጠየቋት ነገረችኝ። ያን ጊዜም ዝም አልኩ። ሂሩት አሥራ ስምንት ዓመት ከሞላት ሁለት ዓመት አልፎ ነበር።

አቶ ንዋይ ከባለፈው ዓመት ጀምሮ በልብ ሕመም ሲታመሙ ቆይተው፣ በኅዳር ወር ሆስፒታል ገቡ፤ እኔም ለወጉ ያህል፣ የማኅበር ሰብሳቢ ነኝና፣ ጠየቅኋቸው። እጄን ይዘው ስለዚያ ደብዳቤ አመሰገኑኝ፤ መልስ ባይመጣም እኔ የሚቻለኝን እንዳደረግሁ፣ ውለታዬንም እንዳልረሱ ነገሩኝ። ጥርጣሬው እስከዚያን ቀን አልለቀቀህም ነበር ወይ ብትሉኝ፣ ከለቀቀኝ ቆይቷል፤ ያልለቀቀኝ ሐፍረቴ ነበር። ይዤ የሄድኩትን ብርቱካን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ። አቶ ንዋይ ዓርብ ጥር 4 ቀን፣ በተወለዱ በሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ዐረፉ።

በማግስቱ የመገነዣ ልብስ ልንፈልግ ሊኞን ስንሄድ ሙስዬ አንድሬ መጡ፤ የእሑዱን ቆጠራ በእሳቸው ፈንታ ሊቆጥሩ ደብተራቸውን ይፈልጉ ነበር። አሥራ ሁለት ደብተሮች መደርደሪያው ላይ ተደርድረው አገኘን። እኔ ስንት ዓመት ስፈራው የኖርኩትን የ1971ን ደብተር ከፈትኩ። ለዳክዬዎቹ የአማርኛ ስም አውጥተውላቸዋል፤ አናቱ ላይ ጉትዬ ያለውን ቁንጮ፣ ግንባሩ ነጭ የሆነውን ቦቃ፣ ራሱ ቀይ የሆነውን ዳማ ብለው። በሰልፉ ቀን የጻፉት ይህ ነው፤ «ነፋሱ ከሰሜን ነው። ቁንጮ ሦስት መቶ። ዳማ አርባ። ወገኖቼ በድልድዩ አለፉ፤ ስሜ ከታየ የወይንሐረግን ይጠሯታል ብዬ ቀረሁ። ቦቃ መቶ አሥራ ሁለት።» በአሥራ ሁለቱም ደብተሮች ውስጥ የአንድም ሰው ስም ተመዝግቦ አላገኘንም፤ ከባለቤታቸውና ከልጃቸው በቀር።

ደብዳቤው እንደታሸገ አለ፤ አልከፈትኩትም፤ ከዚህ ቴፕ ጋር አብሮ ይሄዳል። ቀኑ ካለፈ ስድስት ዓመት ሊሆነው ነው፤ የናይሮቢው ወረቀትም ተሰርዟል፤ የሚጠቅመው ነገር ቢኖር የማን እጅ ጽሕፈት እንደሆነ ማሳየቱ ብቻ ነው።

አቶ ንዋይ ወልደሥላሴ ሰው አክባሪ፣ ትዕግሥተኛ፣ የጀመሩትን የማይተዉ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸውን ወይዘሮ የወይንሐረግን፣ ልጃቸውን ሂሩትን፣ ወዳጃቸውን ሙስዬ አንድሬን ትተው ወደማይቀርበት ሄደዋል። እኛን ከተዉአቸው ወዳጆች መካከል ለመቁጠር አልደፈርኩም። አምላከ አበው የአገልጋዩን የንዋይን ነፍስ ብርድና ስደት በሌለበት ያሳርፍልን፤ በዚህ ያጡትን የቤተሰብ ማዕድ በዚያ ይስጥልን።

ወይዘሮ የወይንሐረግ፣ ልጄ ሂሩት፤ ጠርተዋችሁ ነበር። ቀኑን ጽፈው፣ ቦታውን ጽፈው፣ ሰው ልከው፣ ወረቀት አስጠብቀው ጠርተዋችሁ ነበር፤ ወዳችሁ የቀራችሁ መስሏቸው ሞቱ። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። እዚህ የተሰበሰባችሁ ወገኖችም፣ እነሱ ይህን ሰምተው እስኪመልሱልኝ ድረስ፣ አንዳችሁም እግዜር ይፍታህ እንዳትሉኝ።