«ናሙናው እንደገና ይወሰድ» ባይዋ እኅታችን

እኅታችንን ለመሸኘት ሥራችሁን ትታችሁ የመጣችሁ ወዳጅ ዘመዶች፣ አፈር ከመልበሳቸው በፊት እንዴት እንደኖሩ ጥቂት እናስታውሳችሁ።

ከልብስ ሰፊ እናታቸውና የፈረስ ኮቴ ብረት ይመቱ ከነበሩት አባታቸው በስድስተኛ ልጅነት ተወለዱ፤ ዓይናቸው ለደከመው እናታቸው በመርፌ ክር እያስገቡ በማደጋቸውም ሌላው የማያየውን ጥቃቅን ነገር አጥርቶ ማየትን ከልጅነታቸው ለመዱ።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቅቀው በእንስሳት ጤና ሙያ ተመረቁ፤ ይሁንና፣ ሐዘኑ ቢከብደንም ልንደብቀው አይገባምና፣ የእንስሳት ጤና ባለሙያዋ ላም አጥብቀው ይፈሩ ነበር። «ቀንድ ካለው ጠላት በዓይን የማይታየው ይሻለኛል» ብለው ላቦራቶሪውን መረጡ፤ አንድ መስኮት ባላት በዚያች ጠባብ ክፍልም ሠላሳ አንድ ዓመት አገለገሉ። ባክቴሪያ የሚያበቅሉበት ማሞቂያ ሣጥን ተበላሽቶ ሊጠግኑ የመጡት የኤሌክትሪክ ባለሙያ፣ የአንድ ቀኑን ሥራ ወደ ሦስት ሳምንት አርዝመው ባለቤታቸው ለመሆን በቁ፤ ሦስት ልጆችንም አፈሩ።

በሥራ በቆዩ በስምንተኛው ዓመት፣ ወተት እየሸጡ ልጆቻቸውን ከሚያሳድጉ አንዲት እናት ቤት፣ ጡቷ ያበጠ ላም ወተት ለምርመራ መጣ። ወተቱ በተዘራበት የላቦራቶሪ ሳህን ላይ ሦስት ዓይነት ባክቴሪያ በቀለ፤ ይህም ጡቱ በአልኮል ሳይጸዳ ናሙናው መወሰዱን የሚያሳይ ነበር፤ እኅታችን ግን ሥራ በዝቶባቸው ስለነበር በብዛት የበቀለውን ብቻ መዝግበው አሳለፉት። በዚያ ውጤት የታዘዘው መድኃኒት ሳይሠራ ቀረ፤ በሽታው ወደ ሌሎቹ ላሞቻቸው ተዛምቶም ሁለት ላሞች ታረዱ። ሁሉም መድኃኒቱን ሲወቅስ፣ እርሳቸው መዝገቡን ገልጠው የገዛ እጃቸውን ስሕተት አዩ። መድኃኒቱን ያዘዙት የእንስሳት ሐኪም «ያለፈ ነገር ነው፣ ማንም አያውቅም፣ ተዪው» ቢሏቸውም፣ በማግሥቱ ወደ ላሞቹ ባለቤት ሄደው «እትዬ፣ ላሞችዎን የጎዳው የእኔ ችኮላ ነው» አሏቸው። ሴትዮዋም በሩን ፊታቸው ላይ ዘጉት።

እኅታችን በሳምንቱ የዕረፍት ቀናቸው የናሙና ጠርሙሶቻቸውን ይዘው ተመለሱ፤ ተዘጋባቸው። በሦስተኛው ሳምንት ግን በሩ ተከፈተና «ግቢ እንግዲህ፤ ግን ከኋላዋ እንዳትቆሚ፣ ትረግጥሻለች» ተባሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ዓመት ሙሉ፣ ላም መፍራታቸው ሳይለቃቸው ከእያንዳንዷ ላም ሥር ተንበርክከው፣ ጡቱን አጽድተው፣ የመጀመሪያውን ወተት ደፍተው፣ ጠርሙሱ ላይ እዚያው ምልክት እየጻፉ፣ የመጨረሻዋ ላም ከበሽታው ነጻ እስክትሆን ድረስ መረመሩ።

ለሠልጣኞቻቸውም ይህን ታሪክ ሳያፍሩ ይነግሩ ነበር። «ሳህኑ የሰጠነውን ነው የሚያበቅለው፤ ቆሻሻ ከሰጠነው ቆሻሻችንን ያሳየናል፤ ከተጠራጠራችሁ ናሙናው እንደገና ይወሰድ» ይሏቸው ነበር። ዛሬ ከእነርሱ ብዙዎቹ እዚህ ቆመዋል።

ባደረባቸው የኩላሊት ሕመም ሁለት ዓመት በትዕግሥት ሲታከሙ ቆይተው፣ ትናንት ማለዳ በተወለዱ በስልሳ ሦስት ዓመታቸው፣ የታላቅ ልጃቸውን እጅ እንደያዙ ዐረፉ።

እኅታችን ባለቤታቸውን፣ ሁለት ሴቶች ልጆቻቸውንና አንድ ወንድ ልጃቸውን፣ አራት የልጅ ልጆቻቸውን፣ ሁለት ወንድሞቻቸውን፣ እንዲሁም ዛሬ ከቤተ ዘመዱ ጋር ተቀምጠው የሚያለቅሱትን እኒያን የላሞቹን ባለቤት ትተው ሄደዋል። ስሕተታችንን ሁሉ የሚያውቅ አምላክ ነፍሳቸውን በምሕረቱ ተቀብሎ ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልን፤ ለእኛም መጽናናትን ይስጠን። አሜን።