ስጦታዬ ይህ አዳራሽ ይሁን

ክቡራትና ክቡራን፣ የፍሳሽ ማጣሪያችን ቤተሰቦች! ይህን ግብዣ ላዘጋጃችሁልኝ ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ። ጸሐፊያችን በተለይ፣ አበባውን ይዘሽ ስትገቢ ሽታው የት እንዳለን አስረሳኝ። ለአንድ አፍታ ነው እንጂ፣ መስኮቱ ክፍት ነው።

የደህንነት መሐንዲስ ሆኜ ይህን ያህል ዘመን ስሠራ በስሜ የሚጠራኝ አልነበረም። "ወይዘሮ ቢሆንስ" ነኝ። ማን እንዳወጣልኝም አውቃለሁ፤ እዚያ ጥግ አንገቱን ደፍቶ ኬክ የሚበላው መካኒካችን ነው። እሱንም እኛ "ቶሎ ቶሎ" ያልነው ቸኩሎ ስለማያውቅ ነው።

ምን ላድርግ፣ ሥራዬ ነው! የተፈጥሮ አደጋ ቢመጣ ጣቢያችን የቱ ጋ ይጎዳል ብሎ ቀድሞ መፈለግ። ወንዙ ቢሞላስ? መሬት ቢንቀጠቀጥስ? እየዞርኩ ስጠይቅ "አፍሽን በቁርጠት" ያላለኝ ማን አለ? መርዘኛ ጋዝ የያዙት የክሎሪን ሲሊንደሮች ከግድግዳው ጋር በሰንሰለት ይታሰሩ ስል ቶሎ ቶሎ፣ "ምነው፣ ሊጠፉብን ነው እንዴ?" አለኝ። እያጉረመረመ አሰራቸው። በኋላ ያቺ ትንሿ የመሬት መንቀጥቀጥ ስትመጣ ሲሊንደሮቹ ተወዛወዙ እንጂ አንዱም አልወደቀም። ፊቱ አመድ መስሎ መጣና፣ "እትዬ፣ ሌላ የሚታሰር ነገር አለ?" አለኝ።

ሳቁ፣ ሳቁ። አሁን የማያስቀውን ልናገር ነው።

ጄኔሬተሩ ድሮ የት ነበር? እዚህ፣ ጉብታው ላይ። ይህ የቆምኩበት ወለል ለእሱ ተብሎ የተሞላ አርማታ ነው። ድምፁ ስብሰባ ይረብሻል ተባለና ታች ወንዙ አጠገብ፣ የፓምፕ ቤቱ ምድር ቤት ውስጥ ገባ። እኛም ሰፊ አዳራሽ አገኘን፣ ስብሰባችን ሰላም ሆነ። እዚህ ከተሰበሰብንባቸው ጉዳዮች አንዱ ምን ነበር? የጎርፍ ዝግጁነት!

ባለፈው ክረምት ወንዙ ሞልቶ የምድር ቤቱ በር ደፍ ላይ ሲደርስ፣ የፓምፕ ተቆጣጣሪያችን አጠገቤ ነበረች። መብራት ጠፍቶ ፓምፖቹን የያዘልን ያ ጄኔሬተር ብቻ ነበር። "ውሃ ቢገባበትስ?" አለችኝ፣ ጥያቄዬን ከአፌ ቀምታ። እናቷ የሚኖሩት ታች ሰፈር ነው። ፓምፖቹ ቢቆሙ የከተማው ፍሳሽ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚወጣው በማን ቤት ነው? በእናቷ ቤት፣ በመታጠቢያው ቀዳዳ። እጇን ያዝኩና ውሃውን እያየን ቆምን። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። ዝናቡ አባራና ተረፍን፣ ግን ያዳነን ጥናታችን አይደለም፣ ዕድል ነው። በዕድል የሚሠራ ጣቢያ ደግሞ አልወድም።

የጎርፍ አደጋ ጥናቴ አልቋል፣ "ጄኔሬተሩ ወደ ጉብታው ይመለስ" ይላል። የተቃወመ የለም። "ታዲያ ስብሰባ የት እናድርግ?" የሚል ብቻ ነው ያለው። ነገ ዛሬ ስንል ደመናው ተመልሶ መጣ፣ በመስኮቱ እዩት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆንብን።

ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ይህ የጠቀለላችሁልኝ የግድግዳ ሰዓት ሳይሆን አይቀርም፣ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማኛል። አመሰግናለሁ፤ ግን ለጡረተኛ ሰዓት ምን ያደርግለታል? ለተቆጣጣሪዋ ስጧት። እኔ የምፈልገው ስጦታ ይህ አዳራሽ ነው። ዝናቡ ሳይጀምር ወንበሩ ይውጣ፣ ጄኔሬተሩ ይግባ። መልስዎን ሳልሰማ ከዚህ መድረክ አልወርድም። የደከመው ጉልበቴ ነው፣ እልኼ ገና ነው።

ምን አሉ? ከኋላ ያሉት አልሰሙም፣ ድምፅዎን ከፍ ያድርጉት። "ሰኞ ይጀመራል!" አሉ። ቶሎ ቶሎ፣ ሰማህ? ተነስና ወንበር ማውጣት ጀምር። አይ፣ ኬክህን ጨርስ ግድ የለም። ሰኞ ግን ጠዋት በሩ ላይ ቆሜ ታገኘኛለህ፣ ጡረታዬ ማክሰኞ ይጀምራል።

በሉ ልመርቃችሁ። ጤና አይለያችሁ። የደከማችሁበት ይቃና። ልጆቻችሁ በንጹህ ወንዝ ዳር ይጫወቱ። የታች ሰፈር እናቶች ክረምቱን በደረቅ ቤት፣ በሰላም ተኝተው ይደሩ። ወንዙ ሞልቶ መብራት ሲጠፋም ጄኔሬተሩ ከዚህች ጉብታ ላይ ጆሮ እስኪያደነቁር ይጩህ፣ ስብሰባችሁን ሁሉ ይረብሽባችሁ!

አሜን በሉ እንጂ!