ታፋን የገደለው ውሃው አይደለም

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፤ ግራዝማች ሀብተጊዮርጊስ፤ ጸሎቱን ያደረሱልን ቄስ ተረፋ፤ ከአርጆ ጭቃውን እየረገጣችሁ የመጣችሁ ዘመዶች፤ የነቀምቴ ገበያ ሰዎች፤ እግዚአብሔር ሁላችሁንም ያጽናችሁ። አደ ሎሚ፣ አንቺን ከሁሉ በላይ ያጽናሽ። ባልሽን ነው የምንቀብረው።

የማያውቀኝ ካለ፣ ወልደዮሐንስ ነኝ፤ ጨውና አቡጀዲ የምሸጠው። ታፋ በቅሎ ነበረው፣ እኔ ሸቀጥ። መኪና ነቀምቴ ድረስ ያመጣውን ጨው ከዚህ ወዲያ ወደ አንገር ቆላ የሚያወርደው ታፋ ነበር። ቡናውንና ማሩን ጭኖ የሚወጣውም እሱ። ሁለታችንም በዚያ መንገድ ላይ ሸበትን። ለዚህ ነው ቤተሰቡ «አንተ ተናገር» ያለኝ። እሺ ብያለሁ። ነገር ግን ደግ ደጉን ብቻ ሰምታችሁ አትሄዱም። ተቆጥቻለሁ። የሚያናግራችሁ የተቆጣ ሰው ነው።

አስከሬኑ እስኪገኝ ድረስ ልቅሶ ቤት ተቀምጬ ስሰማችሁ ነበር። አንዱ «ወንዙ በላው» ይላል። ሌላው ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምን ወንዙ! የዳዲ ልጅ ነው የበላው» ይላል። ሦስተኛው ራሱን እየነቀነቀ «የዛሬ ልጅ! እጅ የለው! ምን ያውቃል?» ይላል። ከዚያ ሁሉም ወደ ንፍሮው ይመለሳል።

እኔ እዚያ ነበርኩ። እናንተ አልነበራችሁም። ስለዚህ ስሙኝ።

አንገር ወንዝ ዳር ደረስን። ከላይ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ዝናቡ እዚያ ወርዷል፤ ውሃው ገና እኛ ዘንድ አልደረሰም። መሻገር ካለብን አሁኑኑ ነው። በቅሎ የምትነዱ ታውቃላችሁ፤ ለማታውቁት ልንገር። ወንዝ ዳር ሲደረስ ጭነት ሁሉ ተፈቶ እንደገና ይታሰራል። መጫኛው፣ ያ ጭነት የሚታሰርበት ጠፍር፣ በመንገድ ላይ ጠብቆ ይቋጠራል። ለውሃ ግን ጫፉ ተንጠልጥሎ ይታሰራል፤ አንዴ ሲስቡት ጭነቱ እንዳለ እንዲወድቅ። በቅሎዋ ብትወድቅ ጨው ይሄዳል፤ እሷ ትተርፋለች፣ ሰውም ይተርፋል።

እኔ የራሴን ይዤ ቀድሜ ተሻግሬ ነበር። ታፋ ከማዶ የአንዷን በቅሎ ኮቴ ይዟል፤ ድንጋይ ገብቶባታል። ጊዜ የለም። «ባቻ! የዳለቻዋን በቅሎ ጭነት አንተ እሰር!» አለ። ባቻ የዳዲ ልጅ ነው፤ ስምንተኛ ክፍል ጨርሶ ሥራ ሲያጣ አባቱ ለታፋ የሰጠው ወጣት። ከታፋ ጋር መንገድ ከጀመረ ወዲህ «እሰር» ሲባል ያን ቀን የመጀመሪያው ነው። ደስ አለው። ደስታውን ከማዶ ሆኜ አይቻለሁ፤ ቋጠሮውን ግን ከዚያ ርቀት አልለየሁትም። በጉልበቱ ሁሉ አሰራት። ቋጠረ። ደግሞ በላዩ ቋጠረ።

«አሰርክ?» አለው ታፋ።

«አሰርኩ፣ ኦቦ ታፋ! እሷ ብትወድቅ እንኳ ጨዉ አይወድቅም!»

ታፋ እንደ እኔ ቀልድ መስሎት ቀና ብሎ ሳያይ ሳቀ። ሳቁ እኔ ድረስ ተሰማኝ።

ወንዙ መሃል ላይ ዳለቻዋን አዳለጣት። ጭነቱ ዞሮ ሆዷ ሥር ገባ። ታፋ ደረሰባት፤ እጁን ወደ መጫኛው ሰደደ፤ ጫፉን ፈለገ። ጫፍ የለም። ቋጠሮ በቋጠሮ ላይ ነው፤ ጠፍሩም ውሃ ጠጥቶ አብጧል። ቢላዋውን መዘዘ። አንዱን ቆረጠ። ሁለተኛው ሆዷ ሥር ነው። ጎንበስ አለ። ያን ጊዜ ከላይ የወረደው ውሃ ደረሰ። ሁለቱንም ወሰዳቸው።

ልቅሶ ቤት ያልተነገረውን ደግሞ ልንገራችሁ። ባቻ ተከትሎት ዘለለ። መዋኘት አይችልም! ዋና የሚያሳየው ሰው ሳያገኝ ያደገ ልጅ፣ ሞልቶ የሚወርድ አንገር ውስጥ ዘለለ። ገመድ ጥለን ባወጣነው ጊዜ እንደ ሞተ ነበር። ትንፋሹ ሲመለስ መጀመሪያ የተናገረው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? «ምን አጠፋሁ? አጥብቄ አስሬው ነበር እኮ!» አለ። ማጥበቁ ራሱ ጥፋቱ መሆኑን እስከዚያች ሰዓት አላወቀም።

አላወቀም። ልክ ናችሁ፤ ልጁ አያውቅም። እኔ የምጠይቃችሁ፦ ማን አሳየው?

ባቻ ዛሬ እዚህ የለም። አባቱ ዳዲም የለም። ጉማው፣ የደሙ ካሳ፣ እስኪያልቅ ድረስ ከሟች ወገን ፊት መቆም አይችሉም። ልጁ የት እንዳለ አውቃለሁ፤ አልናገርም። ሐሙስ ሽማግሌዎች ኦዳው ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። የታፋ ወንድም ጨመዳ ምን እንዳለ ሁላችሁም ሰምታችኋል፦ «ከብት አልፈልግም። ልጁ ከዚህ አገር ይጥፋ። ስሙም አይጠራብኝ።» ጨመዳ፣ ወንድምህ ነው። ቁስልህን አላቃልልም። ግን ሐሙስ ከመናገርህ በፊት ዛሬ እኔን ስማኝ።

ልጁ አያውቅም አላችሁ። ማን አሳየው? እናቱ በሱቄ በር በቅሎ ስንጭን ቆሞ ሲያይ ባገኘችው ቁጥር በጆሮው ይዛ ትወስደው ነበር። «አንተ ተማሪ ነህ! ጠፍር ምን ያደርግልሃል?» እያለች። እናንተስ? እዚያ ቆማችሁ «እውነቷን ነው፤ ይህስ ቢሮ ነው የሚገባ» ስትሉ አልነበረም? ቢሮው የታለ?

ግራዝማች፣ ይቅር ይበሉኝ፤ እርስዎን አከብራለሁ። ግን ይህ ገበያ ሁሉ ያየው ነገር ነው። ልጅዎ ለክረምት ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ ሎሌው ታሞ የቀረ ዕለት፣ ምን ሆነ? ኮርቻ መጫን አቅቶት በቅሎዋን እየሳበ በእግሩ ገበያ ገባ። ጫማው በጭቃ ተለውሷል። ቅቤ ሻጮቹ ምን አሉት? «ጋሼ፣ ዛሬ በቅሎዋን ደከማት እንዴ? እዘላት እንጂ!» ሳቅን። እኔም፣ እርስዎም፣ ታፋም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ከዚያስ? ከመካከላችን ተነስቶ «ና፣ እንዲህ ነው የሚጫነው» ያለው አንድ ሰው ነበር? አልነበረም። ሎሌው ሲሻለው ጫነለት። አለቀ።

ሴቶች ልጆቻችንም ያው ናቸው። እናት ስትታመም ልጅ እሳት ማያያዝ አቅቷት ፍም ልትለምን ከጎረቤት ጎረቤት ስትዞር አይተናል። ጎረቤቶቿ ምን አደረጉ? ፍሙን ሰጧት፤ በሩን ዘጉ፤ ከዚያ አሟት። ማያያዙን ማን አሳያት?

ትምህርት ቤቱን አትውቀሱልኝ። ትምህርት ቤቱ ፊደልና ሒሳብ አስተምራለሁ አለ፤ አስተማረ። የራሱን ድርሻ ሠርቷል። በቅሎ መጫንን አስተምራለሁ ብሎ የተቀበለን መምህር የለም። እሱ የእኛ ድርሻ ነበር። የታለ?

አሁን ወደ አንተ ልምጣ፣ ታፋ።

አዎ፣ አንተንም ተቆጥቻለሁ። ሬሳ አይወቀስም የምትሉ ጆሯችሁን ያዙ። ይህ ሰው በሕይወት ሳለ ያላልኩትን አልናገርም፤ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ።

ቸር ሰው ነበር። ስንቁን ያካፍላል። በቅሎውን ያውሳል። ነጋዴ በረሃ ላይ ታሞ ሲቀር ጭነቱን አራግፎ ሰውየውን ጭኖ ይመጣል፤ በእሱ በቅሎ ጀርባ ከሞት የተረፉ ሰዎች እዚህ ቆመው ያለቅሳሉ። ያላካፈለው አንድ ነገር ብቻ ነው። እጁ የሚያውቀውን። ክፋት አልነበረም። መታገሥ ስለማይችል ነው።

በግቢዬ ስንጭን ታስታውሳላችሁ። ባቻ ገና መጫኛውን ሲያነሳ፦ «ወዲያ በል! አንተ እስክትጨርስ ይመሻል!» ይላል። ይነጥቀዋል። እጁ ወዲህ ሲል ወዲያ ሲል ጭነቱ ታስሮ ያልቃል። ሰው «አቤት ታፋ!» ይላል። እሱም ደስ ይለዋል። ልጁ ባዶ እጁን ይዞ ይቆማል።

«ተወው እስኪ፣ ይሞክር» አልኩት አንድ ቀን።

«ወልደዮሐንስ፣ አንተ ጨውህን ሽጥ። ሲያየኝ ይለምደዋል።»

አልለመደውም፣ ታፋ! ዓይኑ አየ፤ እጁ ግን መቼ ነካ? አንተስ እንዴት ለመድክ? ሁለታችንን ያስተማረን አባትህ ኦቦ ጆቴ ነው። ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እኛ ስናበላሽ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ይጠብቀን ነበር። ይሰድበን ነበር። አቤት ስድቡ! ሰባት ቤታችንን ይጠራ ነበር። መጫኛውን ግን አንድ ቀን ከእጃችን አልነጠቀም። አንተ ከአባትህ ማሰሩን ወሰድክ፤ መጠበቁን ተውከው። እነሆ፣ የመጣው ይህ ነው። አንተ ጉድጓድ ውስጥ ነህ፤ ልጁ ተደብቋል።

ጨመዳ፣ እኔ ነጋዴ ነኝ። ነገር ሲገጥመኝ አጥፊው ማነው ብቻ አልልም፤ ነገስ ምን ይደረግ እላለሁ። ባቻ ቢጠፋ ምን ታገኛለህ? እሱ አንድ የባዕድ ከተማ ገብቶ ያልቃል። የወንድምህ በቅሎዎች ደግሞ ግቢው ውስጥ ቆመዋል። ሎሚ የምታድረው በእነሱ ነው። ማን ይጭናቸው? አንተ ጉልበትህ አይችልም። የታፋ ልጆች? ልጆቹ እዚህ ናቸው፣ አይቀየሙኝ፤ ትናንት ውሃ ሊያጠጧቸው ሲወስዱ በቅሎዎቹ ናቸው እነሱን ጎትተው የመለሷቸው። እነዚህ ናቸው ነገ አንገርን የሚሻገሩት?

በዚህ ከተማ ለውሃ እንዴት እንደሚታሰር እስኪሞት ድረስ የማይረሳ አንድ ወጣት ቢኖር ባቻ ነው። የተማረበትን ዋጋ ታውቃላችሁ። ታዲያ ይህንን ሰው ነው አገር የምታስለቅቁት? እሱን አባራችሁ ሌላ የማያውቅ ልትልኩ? ከዚያ ሌላ ሰው ልትቀብሩ?

እኔ ለሽማግሌዎቹ የምለውን እዚሁ እላለሁ። ጉማው ይህ ይሁን። ባቻ የታፋን በቅሎዎች ለሎሚና ለልጆቿ ይንዳ። የታፋ ልጆችም በትምህርት ዕረፍት አብረውት ይውረዱ። እኔ አርጅቻለሁ፤ ቢሆንም ከጎናቸው እሄዳለሁ። ወንዝ ዳር እቀመጣለሁ። ያስራሉ፤ ያበላሻሉ፤ ይፈታሉ፤ እንደገና ያስራሉ። ውሃው ከሞላ እናድራለን። ጨዉ ቢዘገይ የቆላ ሰው ወጡን አልጫ ይብላ፤ አይሞትም። ጨመዳ፣ ይህ ነው...

ምን? ማነው የተናገረው? ዝም በሉ እስኪ።

ሎሚ ናት። አደ ሎሚ፣ ድገሚልን፤ ከኋላ ያሉት አልሰሙም።

«ሃ ዱፉ።»

ሰማችሁ? ይምጣ አለች። ባሏ ገና ከላይ አፈር ሳይወድቅበት፣ ይምጣ አለች።

ጨመዳ፣ ለእኔ መልስ አትስጠኝ። እኔ መልስ የሚሰጠኝ ሰው አይደለሁም። ሐሙስ ኦዳው ሥር ስትቆም መጀመሪያ የእሷን ፊት እይ፤ ከዚያ የምትለውን በል። አቀርቅረሃል። ደህና። ለዛሬ ይህ ይበቃኛል።

አሁን አፈሩ ይመለስ። ተዉ፣ ተዉ! እናንተ ሽማግሌዎች አካፋውን አስቀምጡ። ወጣቶቹ ይምጡ። ጫማችን ይቆሽሻል የምትሉ አውልቁት። አንተ፣ መነጽር ያደረግከው፣ ና። አይ፣ እንዲህ አይደለም። እጀታውን ዝቅ አድርገህ ያዝ። ዝቅ። እንደሱ። ግራዝማች፣ እባክዎ አይንጠቁት! ይቆይ። ይፈስበት፣ ይድገመው። ታፋ ዛሬ አይቸኩልም።

ነጋቲ፣ ደህና ሁን፣ ወንድሜ። በሰላም እረፍ።