ትርንጎ የየት ነዋሪ ናት?

ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ አቶ ይስማው ልጃቸውን ትርንጎን እንድመክርላቸው ለምነውኝ ወደ ቤታቸው ሄድኩ። የምንኖረው ቡሬ ነው፤ ቡሬ ስል ግን ከከተማው ወጣ ካለች ቀበሌ ማለቴ ነው። ትርንጎ ሕክምና ለመማር ልታመለክት ተዘጋጅታለች። አጎቷ አሶሳ ይኖራል፤ ለዚያ አካባቢ ነዋሪዎች ደግሞ የመግቢያ ነጥቡ ዝቅ ያለ ነው። አባቷ «የአሶሳ ነዋሪ ነኝ» ብላ እንድታመለክት ቢፈልጉም እርሷ አሻፈረኝ ብላለች።

«ክረምት ክረምት አጎቷ ዘንድ ትከርም የለም እንዴ? እስቲ እርስዎ ይንገሯት፣ መምህር!» አሉኝ።

«ልጄ፣ የአባትን ምክር መስማት ደግ ነው» ብዬ ጀመርኩ።

ትርንጎ አንገቷን ደፋች። «መምህር፣ ነዋሪ ማለት ለቅሶ የሚደርስ አይደለም እንዴ? አሶሳ የማንን ለቅሶ ደርሻለሁ? ያ ዝቅ ያለው ነጥብ ለዚያ አገር ልጆች የተተወ ነው።»

«እዚህ ነጥብሽ ባይበቃስ?» አሉ አባቷ።

«ደግሜ እፈተናለሁ፣ አባዬ።»

ለቅሶ ስትል የራሴ ቤት ለቅሶ ትዝ አለኝ። ባለቤቴ ያረፈች ጊዜ ይህች ልጅ ሳምንቱን ሙሉ፣ የለም፣ እስከ ተዝካሩ ድረስ፣ ውኃ እየቀዳች ለቀስተኛውን ስታስተናግድልኝ ነበር።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አቶ ይስማው» አልኩ። «ቀበሌው ምስክር ከጠየቀ፣ እዚህ ነዋሪ ለመሆኗ የምመሰክረው እኔ ነኝ።»

አቶ ይስማው ጋቢያቸውን አነሡና፣ «ታዲያ ምን ያስቀምጠናል? ይነሡ እንጂ መምህር፣ ቀበሌው ሳይዘጋ እንድረስ» አሉኝ።