የጀልባዋ ባለቤት

እኔን ያስቀናኝ የሰው ጀልባ አይደለም፤ የሰው ባል አማርኛ ነው። በየክልሉ ይለያይ የነበረው የጀልባ ሊብሬ በአንድ ሕግ ሆኗል ሲባል፣ እኔና ባሌ የዓሣ ጀልባችንን ልናስመዘግብ ማንኩሽ ከተማ ሄድን። ከፊታችን ጎረቤታችን አልፈድል ከሚስቱ ከሐዋ ጋር ቆሟል። አፉን የፈታው በቤርታ ቋንቋ ነው፤ አማርኛው ገና ነው። መዝጋቢው "የባለቤት ስም?" ሲለው፣ "ባለቤት የኔ ሐዋ ነው" አለ። መዝጋቢው ስቆ፣ "ሚስትህን ሳይሆን የጀልባዋን ባለቤት ነው የጠየቅኩህ" ቢለው፣ "በቃ፣ እሱም ሐዋ ይሁን!" ብሎ አረፈው።

ሐዋ ሊብሬዋን እንደ አራስ ልጅ ታቅፋ ስትወጣ ቅናት አንገበገበኝ። የኔው ሰውዬ ግን ተራው ሲደርስ የራሱን ስም ከነአያቱ ጥርት አድርጎ ተናገረ። መንገድ ላይ፣ "ለመሆኑ ባለቤትህ ማን ናት?" አልኩት።

"አንቺ ነሻ!"

"ታዲያ ለመዝጋቢው ምነው ደበቅከው?"